ከሚዛኑ በፊት ሜትሩን
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በወጣቶቹ ስም የቀረበ ንግግር)



ስለ ጤና እንድንናገር ስንጠየቅ መጀመሪያ ፈርተን ነበር። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ከመካከላችን ነርስነት የሚማሩ አሉ፣ ሼሩት ሌኡሚ በሆስፒታል የጨረሱ አሉ፣ የቀረነው ገና ተማሪዎች ነን። ግን አንድ ሥራ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሠርተናል። ከእናትና ከአባታችን ጋር ቁፓት ሆሊም እየሄድን አስተርጉመናል። ሐኪሙ በዕብራይስጥ የሚለውን በአማርኛ፣ አባታችን በአማርኛ የሚለውን በዕብራይስጥ። አንዳንዶቻችን ይህን ሥራ የጀመርነው እግራችን ከወንበሩ ላይ መሬት ሳይነካ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ አስተርጓሚ ነው። ያውም አንድ ጊዜ እንደተሳሳተ አስተርጓሚ።

ስሕተቱን እንንገራችሁ። ነገሩ የደረሰው በአንዳችን አባት ላይ ነው። የማን አባት እንደሆኑ አንናገርም፤ «ለልጆቹ የሚጠቅም ከሆነ ተናገሩት፣ ስሜን ግን ተዉት» ብለውናል። እኚህ አባት ወፍራም የሚባሉ ሰው አይደሉም። እጃቸውም እግራቸውም ቀጭን ነው። ቁመታቸው 168 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደታቸው 68 ኪሎ ነው። ክብደታቸው ለብዙ ዓመት ከዚያ ብዙም አልተነቃነቀም።

ከሦስት ዓመት በፊት ለተለመደ ምርመራ ደም ሰጡ። ውጤቱ እንደ ሁልጊዜው በስልክ መጣ፤ የከፈተውም ልጃቸው ነው። ስኳር 97፣ ምልክት የለበትም። ትሪግሊሰሪድ 182፣ የኮከብ ምልክት አለበት። ኤች ዲ ኤል 37፣ እሱም ኮከብ አለበት። አባት ቡናቸውን ይዘው «ስኳር አለብኝ ወይ?» ብለው ጠየቁ። ልጅም «የለብህም አባ፣ ሃኮል ቤሴዴር» አለና ስልኩን ዘጋው።

ውሸት አልተናገረም። የዚያን ቀን የስኳር በሽታ አልነበረባቸውም። ግን አባት የጠየቁት አንድ ነገር ሲሆን ወረቀቱ የሚናገረው ሦስት ነገር ነበር። ሁለቱ ኮከቦች ሳይተረጎሙ ቀሩ።

በዚያው ሰሞን አባት ቀበቶአቸው አልደርስ ብሎ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውለት ነበር። ሚዛን ላይ ሲወጡ ክብደቱ ያው ነው፤ ቀበቶው ግን ጠቧል። ቤት ውስጥ ሁሉም ሳቀ። «አባ ተመችቶታል፣ ቦርጭ አወጣ» ተባለ። እንደምታውቁት ቦርጭ ከድሮ ጀምሮ የድሎት ምልክት ነው። ስለዚህ የወገባቸውን መስፋት ሜትር ሳይለካው ቀበቶው ለክቶት ነበር፤ እኛ ግን አላነበብነውም።

ሁለት ዓመት አለፈ። ውኃ ጥም መጣ፣ ሌሊት ለሽንት መነሳት መጣ። «ሙቀቱ ነው» አልን። ዓይናቸው ብዥ ሲልባቸው ነው ተመልሰን የሄድነው። ስኳሩ 287 ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ እየተራመዱ ደህና ናቸው። እኛ ግን ያንን የድሮውን ውጤት ከፍተን ስናየው አፈርን። ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅና ማንበብ የጀመርነው። የተረዳነውን በአማርኛ እንናገር፤ ምክንያቱም በዕብራይስጥ ለእኛ ተነግሮን በአማርኛ ለወላጆቻችን ያላደረሰነው ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስብ። በሀገር ቤት በግ ወይም ፍየል ሲታረድ አንጀቱን የሚሸፍን እንደ መረብ ያለ ነጭ ስብ አለ፤ ሞራ ይባላል። ያንን ሞራ ዘርግተው መጪውን ጊዜ እንተነብያለን የሚሉ ሞራ ገላጮች እንደነበሩ ከትልልቆቹ ሰምተናል። ጥንቆላ በሃይማኖታችን ክልክል ነውና ወደዚያ አንገባም። ግን ሰውም ሞራ አለው። በጣታችን ቆንጥጠን የምንይዘው ስብ፣ በጭን፣ በዳሌና በክንድ ያለው፣ ከቆዳ ሥር የተቀመጠ ነው፤ እሱ ያን ያህል ክፉ አይደለም። የሚያሰጋው ከውስጥ፣ በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው ነው። እጅና እግሩ ቀጭን የሆነ ሰውም ይህ የውስጥ ስብ ሊኖረው ይችላል።

ይህ ስብ ለምን ይከፋል? ከአንጀት አካባቢ የሚወጣው ደም በቀጥታ ወደ ጉበት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከውስጥ ስብ የሚፈሰው ቅባት ጉበት ላይ ይወርዳል። ጉበት ሲበዛበት ስቡን እየጠቀለለ መልሶ ወደ ደም ይልካል። በወረቀቱ ላይ «ትሪግሊሰሪድ» የሚባለው ያ ስብ ነው። ትሪግሊሰሪድ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ኤች ዲ ኤል ይወርዳል፤ ኤች ዲ ኤል ትርፍ ኮሌስትሮልን ወደ ጉበት የሚመልሰው፣ «ጥሩው ኮሌስትሮል» የሚሉት ነው። በዚሁ ጊዜ ጡንቻና ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ መስማት ያቆማሉ። ኢንሱሊን ስኳርን ከደም ወደ ሰውነት የሚያስገባ ነው። ሰውነት አልሰማ ሲለው ቆሽት ዝም አይልም፤ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አድርጎ ኢንሱሊን ያመርታል። ስለዚህ ስኳሩ ለዓመታት 90 ምናምን ላይ ይቆያል፣ ኮከብም አያወጣም። ስኳር ከፍ የሚለው ቆሽት ሲደክም ነው።

እንግዲህ «ስኳር አለብኝ ወይ?» ብቻ ብለን ከጠየቅን መልሱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ስኳር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምስክር ነው። ቀድመው የሚመጡት ወገብና የደም ስብ ናቸው።

ይህን እኛ አልፈጠርነውም። ዣን ቫግ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም በ1947 ከጭንና ከዳሌ ይልቅ ላይኛው አካልና ሆድ ላይ የሚከማች ውፍረት ከስኳር በሽታ ጋር እንደሚያያዝ ጽፎ ነበር። በ1988 ጄራልድ ሪቨን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የደም ግፊት፣ የትሪግሊሰሪድ መውጣት፣ የኤች ዲ ኤል መውረድና የስኳር መረበሽ አብረው እንደሚሄዱና ሥራቸውም ኢንሱሊንን አለመስማት እንደሆነ አስረዳ። በ2000 ደግሞ በካናዳ በኬቤክ ያሉ ተመራማሪዎች ቀላል ነገር አሳዩ። አንድ ወንድ ወገቡ 90 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ትሪግሊሰሪዱም በእኛ አቆጣጠር ወደ 177 ገደማና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ልብን የሚጎዳው የደም ለውጥ ውስጡ የመኖሩ ዕድል በጣም ከፍተኛ ነው። አንድ ሜትርና አንድ የደም ምርመራ ማለት ነው።

ሚዛንስ? ቁፓት ሆሊም ስንሄድ ክብደትና ቁመት ይለኩንና «ቢ ኤም አይ» የሚባል ቁጥር ያወጣሉ። ኪሎውን ለቁመት በሜትር፣ እንደገና ለቁመት ማካፈል ነው። ከ18.5 እስከ 25 ደህና ይባላል። ስሌቱን በ1830ዎቹ ያወጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጂግ የስታቲስቲክስ ሰው ነው፤ እሱ ስለ ብዙ ሕዝብ አማካይ ያስብ ነበር እንጂ ስለ አንድ በሽተኛ አልነበረም። ቁጥሩ ክብደቱ የት እንደተቀመጠ አያውቅም። የእኚያ አባት ቢ ኤም አይ 24 ነው፤ ደህና ነው ማለት ነው። ወገባቸውን ዘንድሮ ስንለካው ግን 95 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሚዛኑ ያለፈውን ሜትሩ ያዘው።

ታዲያ እንዴት ነው የሚለካው? ልብስ ሰፊ የሚይዘው ሜትር ይበቃል። ቀጥ ብሎ መቆም፣ ልብሱን ገለጥ ማድረግ። በጎን በኩል የመጨረሻዋን የጎድን አጥንት በጣት መፈለግ፤ ከዚያ የዳሌ አጥንት ከላይ የሚጀምርበትን መፈለግ። በሁለቱ መካከል ሜትሩን ዙሪያውን ማዞር። ሆድ መሳብ የለም! ሱሪ የሚታሰርበት ቦታም አይደለም፤ ብዙ አባቶች ቀበቶአቸውን ከቦርጩ በታች ነው የሚያስሩት። ትንፋሽ በቀስታ ወጣ ሲል ማንበብ፣ አለቀ። እርጉዝ ሴት በዚህ አትለካም።

ቁጥሩን እንዴት እንረዳው? ከሁሉ የሚቀለው ይኼ ነው፦ ወገብ ከቁመት ግማሽ ማነስ አለበት። ቁመቷ 160 የሆነች እናት ወገቧ ከ80 በታች፣ ቁመቱ 168 የሆነ አባት ወገቡ ከ84 በታች ቢሆን ደግ ነው። የብሪታንያ የጤና መመሪያም ከ2022 ጀምሮ ይህንኑ ለሕዝቡ ይመክራል። ሌላ ልክም አለ። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌደሬሽን በ2005 ለአውሮፓውያን ወንድ 94፣ ሴት 80 ሴንቲ ሜትር ብሎ አስቀምጦ፣ ከሰሐራ በታች ላሉ አፍሪካውያንም የራሳቸው ልክ እስኪጠና ድረስ በዚሁ ይሠራ ብሏል።

ቀጥሎ የደሙ ወረቀት። ሐኪሞች «ሜታቦሊክ ሲንድሮም» የሚሉት ከአምስት ነገር ሦስቱ ሲገኝ ነው። አንድ፣ ሰፊ ወገብ። ሁለት፣ ትሪግሊሰሪድ 150 ወይም በላይ። ሦስት፣ ኤች ዲ ኤል ለወንድ ከ40 በታች፣ ለሴት ከ50 በታች። አራት፣ የደም ግፊት ላይኛው 130 ወይም ታችኛው 85ና ከዚያ በላይ። አምስት፣ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100ና ከዚያ በላይ። ለአንዱ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ያ ነገር እንዳለበት ይቆጠራል። አሁን ወደ አባታችን ወረቀት እንመለስ። ትሪግሊሰሪድ 182፣ አንድ። ኤች ዲ ኤል 37፣ ሁለት። ቀበቶ የጠበበበትን ወገብ ያኔ ብንለካው ሦስተኛው ሳይገኝ አይቀርም ነበር። ስኳሩ ገና 97 ሳለ፣ ውኃ ጥሙ ከመምጣቱ ሁለት ዓመት በፊት ማለት ነው።

ይህ ለምን የእኛን ማኅበረሰብ በተለይ ይመለከታል? ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚህ እስራኤል ውስጥ በቤተ እስራኤል ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ የስኳር በሽታ ብዙ ጊዜ በእኛ ላይ በወጣትነትና ክብደት ሳይበዛ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ወላጆቻችን «በሀገር ቤት ስኳር በሽታ የሚባል አናውቅም ነበር» ይላሉ። እዚያ ውኃ የሚቀዳው በእግር ተሄዶ ነው፣ እርሻው በእጅ ነው፣ እንጀራው የጤፍ ነው፣ ስኳር ውድ ነው። እዚህ ነጭ ዳቦ በየሱቁ አለ፣ በየግብዣው ኮላ አለ፣ ሥራው ቀን ሙሉ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ነው፣ መንገዱ በአውቶቡስ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ሦስት ሲኒ በየሲኒው ሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ብናደርግ፣ በቀን አንዴ ቡና ብቻ ስድስት ማንኪያ ነው። ጎረቤት ሲጠራን ደግሞ አስቡት።

አንድ ነገር ግን እንዳንሳሳት። በአሜሪካ በአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ኢንሱሊንን አለመስማት እያለ ትሪግሊሰሪድ ደህና ሆኖ ሊታይ እንደሚችል አሳይተዋል። ስለዚህ ትሪግሊሰሪድ ከፍ ካለ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ደህና ከሆነ ግን «ነጻ ነህ» ማለት አይደለም። ወገቡ ሰፊ የሆነ ሰው፣ ቤተሰቡም ውስጥ ስኳር ያለበት ሰው፣ የደም ስቡ ጥሩ ቢሆንም የስኳር ምርመራውን በየጊዜው ማድረግ አለበት። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባለውንም ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል፤ 5.7 ሲደርስ መጠንቀቅ ይጀመራል፣ 6.5 ሲሆን የስኳር በሽታ ነው። ሜትሩም ወረቀቱም በሽታውን አይወስኑም፤ የሚወስነው ሐኪም ነው። እነሱ የሚሉን «ሂድና ጠይቅ» ነው።

ወላጆቻችን፣ ይህን የምንለው ለማስፈራራት አይደለም። ቀድሞ ማወቅ የሚጠቅመው መመለስ ስለሚቻል ነው። በአሜሪካ ስኳራቸው ከፍ ማለት በጀመረ ሰዎች ላይ ትልቅ ጥናት ተደርጎ በ2002 ውጤቱ ወጥቷል። ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱ የተረዱት ሰዎች፣ ይህ ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ከጎንደር መንደሮች ተነስተው እስከ ሱዳን ለሳምንታት በእግራቸው ለተጓዙ አባቶችና እናቶች ግማሽ ሰዓት ምንድን ነው? ትሪግሊሰሪድም ቶሎ ከሚታዘዙት ነገሮች አንዱ ነው። ጣፋጭ መጠጥ፣ ነጭ ዳቦና አልኮል ሲቀንስ፣ እግርም ሲንቀሳቀስ በወራት ውስጥ ይወርዳል። ቡናውን ማንም አልከለከላችሁም፤ ስኳሩን ነው። እንጀራውም ይብላ፤ ግን ከጤፉ ይልቅ ነጭ ዱቄት የበዛበት እንዳይሆን፣ ከሽሮውና ከምስሩ ጋር ጎመኑም ይኑርበት።

አሁን ወደ እናንተ ወደ እኩዮቻችን እንመለስ። ሦስት ነገር እንጠይቃችኋለን።

አንደኛ፣ የወላጆቻችሁን ውጤት ስትከፍቱ «ሃኮል ቤሴዴር» ብላችሁ አትዝጉት። መስመር በመስመር አንብቡላቸው። ኮከብ ያለበትን በወረቀት ጻፉና ለሮፌ ሚሽፓሃው «ይኼ ምንድን ነው?» በሉ። የዛሬውን ካለፈው ዓመት ጋር አስተያዩ፤ አንዴ የወጣ ቁጥር ድንገተኛ ሊሆን ይችላል፣ በየዓመቱ ከፍ የሚል ቁጥር ግን መንገድ ጀምሯል። ያልገባችሁን እንደገባችሁ አድርጋችሁ አታስተርጉሙ። «አላወቅሁትም፣ እንጠይቅ» ማለት ነውር አይደለም። ከእናንተ በላይ የሆነ ነገር ከሆነም በአማርኛ የሚያስረዳ ሰው ጠይቁ፤ «ቴኔ ብሪዑት» የሚባለው ማኅበር ከ1998 ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነው። ልጅ ሁሉን እንዲሸከም አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሜትሩን ወደ ቤት አስገቡ፤ ግን ከራሳችሁ ጀምሩ። ባለፈው ወር ማታናስ ውስጥ ሜትር ይዘን ስንጠብቅ እናቶች ነጠላቸውን እየሳቡ ይስቁብን ነበር። አንዷ «ልጄ፣ ለቀሚስ ነው ወይስ ለከፈን?» አሉን። መጀመሪያ እኛ ተለካን፣ ቁጥራችንንም ጮክ ብለን ተናገርን። ከእኛም ውስጥ ከቁመቱ ግማሽ ያለፈ ተገኘ፤ ወታደር ቤት ሳለ ሸንቃጣ የነበረ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ እናቶቹ ራሳቸው ተሰለፉ።

ሦስተኛ፣ በዚህ ሜትር ማንንም አታሳፍሩ። በተለይ በማደግ ላይ ያሉ ታናናሽ እህቶቻችንን። የተናገርናቸው ቁጥሮች የአዋቂ ሰው ናቸው፤ ለመልክና ለውበት አይደሉም። ወገብን ለመሳለቂያ የሚጠቀም ሰው ሜትሩን ባይነካው ይሻላል።

እናቶችና አባቶች፣ እናንተም አንድ ነገር አድርጉልን። ስትጠይቁን «ስኳር አለብኝ ወይ?» ብቻ አትበሉን። «ሁሉንም አንብብልኝ» በሉን። ስልካችንን ይዘን ወደ በር ብንሄድም ጥሩን፣ አስቀምጡን። እናንተ ይህችን ሀገር እንድናነብ አስተምራችሁናል፤ ለባግሩት ስንፈተን ደጅ ቆማችሁ ጠብቃችሁናል። አንድ ገጽ ማንበብ አይበዛብንም።

እኚያ አባት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። የትኛው ወንበር ላይ እንደሆነ አንናገርም። ዛሬ ጠዋት ልጃቸው አዲሱን ውጤት ሲያነብላቸው እያንዳንዱን ቁጥር እየደገሙ ሰሙት። ትሪግሊሰሪዱ 139 ሆኗል። «ይኼስ ኮከብ አለበት?» አሉ። «የለበትም አባ» አላቸው። «ቀጥል እንግዲህ፣ ገና አልጨረስክም» አሉት።

ሜትሩ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ቡና ከመቅረቡ በፊት እንለካ። ለሚመጣው ዓመት ሁላችንንም በጤና ያድርሰን።